የሱዳቤ አፍንጫና የኢራጅ ስለት

ሱዳቤን የሚያውቅ ሁሉ መጀመሪያ የሚያውቀው አፍንጫዋን ነው። ክፉ ሴት ሆና አይደለም፤ የሁለተኛ ክፍል አስተማሪ ናት፣ እጇም ለጎረቤት ይዘረጋል። ግን ምን ያደርጋል፣ «እሷ ሳትደርስ አፍንጫዋ ቀድሞ በሩን ያንኳኳል» እያሉ ወንድሞቿ ከልጅነቷ ጀምሮ ሲስቁባት ኖረዋል። ቴህራን ደግሞ አፍንጫ ፊት ላይ ተቀምጦ የሚረሳበት ከተማ አይደለም። ሴቱም ወንዱም ያሳጥረዋል፣ ፕላስተሩንም እንደ ሽልማት ለጥፎ አደባባይ ይወጣል። ኦፕራሲዮኑን ሳይሆኑ ፕላስተሩን ብቻ ገዝተው የሚለጥፉም አሉ ይባላል፤ ይህን የምለው ሐሜት ወድጄ አይደለም፣ ነገሩ እስከዚህ ድረስ መሆኑን እንድታውቁት ነው። ሱዳቤ አርባ ዓመት አልፏት ያንን ሁሉ ፕላስተር ቆማ ስታይ የኖረች ናት። መጀመሪያ እናቷ «አላህ የሰጠሽን አትንኪ» አለቻት። ቀጥሎ ትዳር መጣ፣ ከዚያ የእናቷ ሕመም፣ ከዚያ ሌላ፣ ደግሞ ሌላ። ነገሩ ግን ከልቧ አንድም ቀን አልወጣም።

ባሏ ኢራጅ ትምህርት ቤቱ አጠገብ የደብተርና የእርሳስ ሱቅ አለው። ድመት ቢረግጥ ይቅርታ የሚጠይቅ ሰው ነው። በሚኖሩባት፣ ናርማክ ሰፈር ባለችው አሮጌ ባለ አራት ፎቅ ሕንፃ ውስጥ ድምፁ ከፍ ብሎ የተሰማው በዓመት አንድ ቀን ብቻ ነው፤ እሱም በሙሐረም፣ ሰው ለተሰዋው ኢማም በሚያለቅስበት የሐዘን ወር፣ ስለቱን የሚያበስል ቀን። ሕፃን ሆኖ በትኩሳት ሊሞት ሲል እናቱ «ይዳንልኝ እንጂ በየሙሐረሙ ለጎረቤት ሁሉ ሾሌ ዛርድ አበላለሁ» ብላ ተሳለች። ዳነ። እሷ እስክትሞት አበላች፣ ከሞተች ወዲህ እሱ ያበላል። በሳፍሮን ቢጫ የሆነውን ያን ጣፋጭ የሩዝ ገንፎ በትልቅ ድስት ግቢ ውስጥ ይጥደዋል፣ ጎረቤቱም ከየፎቁ ይወርዳል፣ እያንዳንዱ ማማሰያውን ተቀብሎ አንዴ ያማስልና በልቡ የሚመኘውን ይለምናል። ከዚያ በየሳህኑ ይቀዳል፣ ላዩ ላይ በቀረፋ የኢማሙ ስም ይጻፋል፣ ለየቤቱ ይዳረሳል። ሳህኑ ባዶውን አይመለስም፤ አንዱ አበባ፣ አንዱ ስኳር ጣል አድርጎበት ይመልሰዋል። ሱዳቤ ያንን ድስት ባማሰለች ቁጥር ምን እንደምትመኝ መቼም አይጠፋችሁም።

ከዚያ ኮሮና ገባ።

ሦስተኛ ፎቅ የምትኖረው ኖስራት ኻኑም፣ «ኻኑም» ወይዘሮ ማለት ነው፣ ባሏ የሞተባት አሮጊት ናት። ጉልበቷ አልቋል። ደረጃ ስትወጣና ስትወርድ የሱዳቤን ትከሻ ይዛ ነው፤ «አንቺ የኔ ከዘራ» ትላታለች። ጉልበቷን ሊቀይሩላት ቀጠሮ ይዘው ነበር። የኮሮና በሽተኛ አልጋውን ሲሞላው የማያጣድፍ ኦፕራሲዮን ሁሉ ይቆይ ተባለ፣ የሷም ተዛወረ። ደግሞ ተዛወረ። ኖስራት ኻኑም ግን «ግድ የለም፣ ሰው ትንፋሽ አጥቶ እየሞተ ስለ ጉልበት ማን ያወራል?» ትላለች። ሕንፃው በሙሉ ያንን አባባል ወደደው። እውነተኛ ሰው እንዲህ ነው ተባለ።

ታዲያ ገና ሰው ዳቦ በጓንት በሚገዛበት ሰሞን አራተኛ ፎቅ የተከራየችው ተማሪ፣ ታርላን፣ አፍንጫዋ ላይ ፕላስተር ለጥፋ ደረጃውን ስትወጣ ታየች። የዛሬ ዓመት ቢሆን «እንኳን ደስ ያለሽ» ተብሎ ያልፍ ነበር። አሁን ግን ሕንፃው አፉን ከፈተ። ከሁሉ የባሰችው ሱዳቤ ናት። ደረጃው ላይ ጠብቃ መንገድ ዘጋችባት። ኖስራት ኻኑም በሯን ገርበብ አድርጋ ትሰማለች፣ የሕንፃው ኃላፊ ጡረተኛው ወታደር አጋ መንሱርም፣ «አጋ» አቶ ማለት ነው፣ ከታች የአትክልት ውሃውን ትቶ ቀና ብሎ ይሰማል።

«አንቺ ልጅ፣ ትንሽ እንኳ አታፍሪም?» አለቻት ሱዳቤ። «ሰው እየሞተ፣ ሐኪም እንቅልፍ አጥቶ፣ አንቺ አፍንጫ ታሳምሪያለሽ? የኖስራት ኻኑም ጉልበት ተራ አጥቶ ተቀምጦ ያንቺ አፍንጫ ቀደመ?»

«ቀጠሮው ከኮሮና በፊት የተያዘ ነበር፣ ሱዳቤ ኻኑም» አለች ታርላን ቀስ ብላ።

«ቀጠሮማ ይሰረዛል። ሕሊና ነው የማይሰረዘው።»

ጥሩ አባባል ነበረች። አጋ መንሱር ከታች «አፍሽ ይባረክ» አለ፣ ኖስራት ኻኑምም ራሷን ነቀነቀች። ልጅቷ ግድግዳውን ታክካ አልፋ ወደ ቤቷ ገባች፣ ከዚያ ወዲያ ለረጅም ጊዜ ደረጃ ላይ ማንንም ቀና ብላ አላየችም። ሱዳቤ ቤቷ ገብታ መስታወት ፊት ቆመች። እውነቱን እንናገር ከተባለ ያንገበገባት የሞተው ሰው አልነበረም። የልጅቷ ቀጭን አፍንጫ ነው።

ሙቀቱ አስፋልት በሚያቀልጥበት ሰሞን ስልክ ተደወለ። ከብዙ ዓመት በፊት ሄዳ ተማክራ፣ ፈርታ የተመለሰችበት ክሊኒክ ነው።

«ሱዳቤ ኻኑም፣ እኛ ጋ ሥራው ተጀምሯል እኮ» አለቻት ፀሐፊዋ በጣፋጭ ድምፅ። «ደግሞ ለርስዎ ብዬ ነው የምነግርዎ፣ ከዚህ የተሻለ ጊዜ አይመጣም። ሁሉም ማስክ አድርጓል፣ ማን ያያል? ትምህርቱም በስልክ ነው። ማስኩ የወለቀ ቀን እርስዎ ከድሮም እንዲህ የነበሩ ይመስላሉ።»

ውሃ ሲወስድ አሳስቆ ነው። ያን ቀን ምሳ ላይ ለኢራጅ ነገረችው።

«እኔ እንኳ አፍንጫሽን ለምጄዋለሁ» አለ ኢራጅ። «ያለሱ መብራት በጠፋ ጊዜ በምን አገኝሻለሁ?» ሳቀ፣ እሷ ግን አልሳቀችም። ሳቁን ትቶ ትንሽ አሰበ። «ቆይተሽ ብታደርጊውስ? ኖስራት ኻኑም አሁንም እንደተቀመጠች ናት። ለልጅቷም ያን ሁሉ ተናግረሻታል።»

«ማንም አያውቅም።»

«አንቺ ካወቅሽው አንድ ሰው አወቀ ማለት ነው» አለ፣ ከዚያ በላይ አልተከራከረም። እንዲህ ያለ ሰው ነው፤ ከልክሎ አያውቅም።

የቀጠሮው ቀን፣ ሕንፃው ከምሳ በኋላ በሚያሸልብበት ሰዓት ጫማቸውን በእጃቸው ይዘው ወረዱ። ሱዳቤ ክሊኒኩን ባዶ አገኘዋለሁ ብላ ነበር፤ በዚህ ጊዜ ማን ደፍሮ ይመጣል? ክፍሉ ግን ጢም ብሎ ሞልቷል። አንዱን ወንበር እየዘለለ የተቀመጠው ሁሉ አንገቱን ደፍቷል። ሰላምታ ብቻውን ሩብ ሰዓት በሚፈጅበት አገር ማንም ማንንም «ደህና ዋልክ» አላለም። መስኮቱ አጠገብ ያለችውን ሴት ሱዳቤ በዓይኗ አወቀቻት፣ አብራት የምታስተምር ናት። ሴትየዋም አወቀቻት። ሁለቱም ወለሉን ማየት ጀመሩ። ሱዳቤ ያኔ ተነስታ መሄድ ትችል ነበር፣ አስባውም ነበር። ስሟ ሲጠራ ግን ከሁሉ ፈጥና ነው የተነሳችው።

ስትመለስ አፍንጫዋ በፕላስተር ታስሯል፣ ሁለቱ ዓይኖቿ ሥር እንደ በሰለ በለስ ጠቁሯል። ሐሳቡ እስኪነጣ ድረስ ከቤት አለመውጣት ነበር። አልተሳካም። ጥቂት ቀን ስትጠፋ ኖስራት ኻኑም ጭንቅ ያዛት። ሱዳቤን ኮሮና ይዟት ይሆናል ብላ ያቺን ያለቀች ጉልበቷን እየጎተተች፣ በአንድ እጇ የደረጃውን ብረት፣ በሌላው የሾርባ ድስት ይዛ፣ ከሦስተኛ ወደ ሁለተኛ ፎቅ ወረደች። ደወለች። ሱዳቤ የውሃ ቆጣሪ የሚያነበው ሰው መስሏት ማስኳን ፕላስተሩን እስኪሸፍን ወደ ላይ ስባ በሩን ከፈተች።

ኖስራት ኻኑም ሾርባውን ደፉ ላይ አስቀምጣ ወደ ኋላ ራቅ አለች፣ ቀና ብላም አየቻት።

«ዓይንሽ ምን ሆነ?»

ሱዳቤ ወደ አፏ የመጣውን ተናገረች። «ምንም አይደል፣ ኖስራት ኻኑም። የቁም ሳጥኑ በር ነው። ሳላየው መታኝ።»

«ሁለቱንም ዓይንሽን?»

«አዎ።»

ከኋላዋ ኢራጅ ኩሽና ውስጥ ኪያር እየከተፈ ነበር። ቢላዋውን እንደያዘ ብቅ አለና «እንዴት ዋሉ ኖስራት ኻኑም፣ ይግቡ እንጂ፣ ቤትዎ አይደል?» አለ እንደ ልማዱ። አሮጊቷ ቢላዋውን አየች፣ እሱንም አየች። ይኸው ስንት ዘመን ሲጎራበቱ ሰላምታውን ስትነሳው የመጀመሪያዋ ነው። ከዚያ ወደ ሱዳቤ ጠጋ ብላ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«ልጄ፣ የኔ በር አይቆለፍም። በማንኛውም ሰዓት። ገባሽ?»

ገባት። ሥራ ፈተው ቤት የዋሉ ወንዶች ሚስት መደብደብ አበዙ እየተባለ ቴሌቪዥኑ ሰሞኑን የሚያወራውን ሁሉም ሰምቷል፤ የኢራጅ ሱቅ ደግሞ ትምህርት ቤቱ ከተዘጋ ጀምሮ ተዘግቷል። «ኧረ አይደለም» ማለት ነበረባት። ማስኩን ዝቅ ማድረግ ብቻ ይበቃ ነበር። አላደረገችም። እንዲያውም፣ ይህን ለመናገር ያሳፍራል ግን እውነት ነው፣ በሩን ስትዘጋ ደረቷ ቀለል አላት። አፍንጫውን ማንም አልጠረጠረም። ከሰው ሁሉ እሷን፣ ያንን ሁሉ የተናገረችውን ሱዳቤን፣ ማን ይጠረጥራል?

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው። ወሬው ከፎቅ ፎቅ ሲወጣ ሲወርድ ኢራጅ ምንም አልሰማም። ደረጃ ላይ ሲያገኙት ሰዎች ፊታቸውን ወደ ግድግዳ ያዞራሉ። አጋ መንሱር እጁን ዘርግቶ «ራቅ በል፣ ኮሮና ነው» ይለዋል።

«አጋ መንሱር እንዴት ያለ ጠንቃቃ ሆኗል» ብሎ ኢራጅ ቤት ገብቶ ያወራል። «ወታደር እኮ ነው። ሁሉም እንደሱ ቢጠነቀቅ ይሄ በሽታ በወር ይጠፋ ነበር።»

ሱዳቤ ሳህኗን ይዛ ወደ ኩሽና ትነሳለች።

አንድ ቀን ደግሞ ኢራጅ በሩ ላይ የተቀመጠ አንድ ቆርቆሮ አናናስ አገኘ። «ማን ይሆን? ለምንስ አናናስ?» እያለ ገለባብጦ አየው። ሱዳቤ ግን ወዲያው አወቀች። በዚህ ከተማ አፍንጫውን ለተሠራ ሰው አናናስ ነው የሚወሰድለት፤ እብጠት ያወርዳል ይባላል። ከሕንፃው ሰው የሁለት ዓይኗን መጥቆር ሰምቶ ነገሩን የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ ነው፣ በራሷ ላይ ያየችው። ታርላን አውቃለች። አውቃ ለማንም አልተናገረችም፣ አናናስ ገዝታ በር ላይ አስቀምጣ ሄደች። ሱዳቤ ቆርቆሮውን መክፈት አቃታት። ከሽንኩርቱ ጀርባ፣ ከመደርደሪያው ጥግ ደበቀችው።

ኢራጅ ነገሩን ያወቀው በአጋ መንሱር አፍ ነው። ግቢ ውስጥ የስለቱን ድስት ሲያጥብ አጋ መንሱር ከጀርባው መጥቶ «በኛ ጊዜ ወንድ ጉልበቱን የሚያሳየው ውጭ ነበር፣ ቤት ውስጥ አልነበረም» ብሎት ሄደ። ኢራጅ ግራ ገባው። ቤት ገብቶ ሱዳቤን ያለ ማስክ ቁጭ ብላ አገኛት። ዓይኗን አየ። ጥቁሩ ወደ ቢጫ ዞሯል። ቀስ ብሎ ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

«እኔ?» አለ። «እኔ ነኝ እንዴ የመታሁሽ?»

ሱዳቤ አቀረቀረች።

መጀመሪያ ሳቅ አለ። «እሰይ፣ እድሜዬን በሙሉ የሚፈራኝ ሰው አጥቼ» አለ። ቀጥሎ ሳቁ ጠፋ። «ታዲያ አልነገርሻቸውም?»

«ነገ እነግራቸዋለሁ።»

ነገ አልነገረችም። በማግስቱም አልነገረችም። አንዴ እስከ ኖስራት ኻኑም በር ድረስ ወጥታ ነበር፤ ከውስጥ አሮጊቷ ለሐኪም ቤቱ ስልክ እየደወለች «እሺ ልጄ፣ እጠብቃለሁ፣ ምን ቸገረኝ» ስትል ሰማችና ተመልሳ ወረደች። በመጨረሻ ኢራጅ ራሱ ነገሩን ተወላት።

«ተይው» አላት፣ አሮጌ ጋዜጣ እያገላበጠ። «ለልጅቷ ያን ሁሉ ከተናገርሽ በኋላ እንዴት ብለሽ ትወጪያለሽ? ዓይንሽ ሲነጣ ይረሱታል። ስለቱ ደግሞ ስለት ነው፣ የእናቴ ነው፤ በሱ አይመጡብኝም።»

ሲናገር ቀና ብሎ አላያትም። እሷም እሺ አለች። በሰው ስም መጥፋት እሺ ማለት ይህን ያህል ይቀላል።

የስለቱ ቀን ደረሰ። በዚያ ዓመት የሙሐረም ሐዘን በመስጊድና በቤት ውስጥ ቀርቶ ሜዳ ላይ ይሁን ተብሏል። የአደባባዩን ድምፅ ማጉያ ለመስማት የሕንፃው ሰው ግቢ ውስጥ ወንበር አራርቆ እንዲቀመጥ አጋ መንሱር አመቻችቷል። ኢራጅ ማለዳ ድስቱን ጣደ። ሩዙ ፈላ፣ ስኳሩ ገባ፣ ሳፍሮኑ ሲጨመር ሽታው እስከ አራተኛ ፎቅ ወጣ። በሌላ ዓመት ይሄኔ ደረጃው በጫማ ድምፅ ይሞላ ነበር። ኢራጅ ማማሰያውን በሳሙና አጥቦ፣ አልኮል ቀብቶ፣ ንጹሕ ጨርቅ ላይ አስቀመጠው። ቀና ብሎ መስኮቶቹን አየ። ሱዳቤ ከመጋረጃው ጀርባ ሆና ታየዋለች። ማንም አልወረደም። ድስቱ እንዳያርበት ብቻውን ያማስል ጀመር፤ ክንዱ ሲዝል በሌላው እጁ ይይዛል፤ ፀሐይ ከዚህኛው ግድግዳ ወደዚያኛው እስክትዞር አማሰለ።

ቀዳ፣ በቀረፋ ጻፈበት፣ በየበሩ አስቀምጦ እየደወለ ራቅ ብሎ ቆመ። ከውስጥ «አላህ ይቀበልህ፣ እዚያው ይቀመጥ፣ ኮሮና ነው» ይሉታል። ቤቱ ተመልሶ እጁን እየታጠበ «ልክ ናቸው፣ ጊዜው ነው፣ በኋላ ያስገቡታል» አለ።

ወደ ማምሻው የጎን ሕንፃ ሰዎች የስለት ወጥና ሩዝ በሳጥን አድርገው አመጡ። ሱዳቤ በበሯ ቀዳዳ አየች፣ ከላይና ከታች ያለውንም ሰማች። በሩ ሁሉ ተከፈተ። «አላህ ይቀበላችሁ» እያለ ሁሉም በእጁ ተቀበለ፤ አጋ መንሱር ሁለት ወሰደ። የኢራጅ ሳህኖች ግን በየበሩ እንደተቀመጡ ናቸው፣ ላያቸው ደርቆ ቀረፋው ተሰነጣጥቋል፣ አንዱን ጉንዳን ወሮታል። አንዱ ጎረቤት የሳጥኑን ወጥ ይዞ ሲገባ በሩ ላይ ያለውን ሳህን በእግሩ ገፋ አደረገው።

ኢራጅም አይቷል። ትሪ ይዞ ወጣና ሳህኖቹን ከየበሩ አንድ በአንድ ለቀመ። ወደ ግቢው ወርዶ የተረፈው ገንፎ ያለበት ድስት አጠገብ ትሪውን መሬት ላይ አኖረና ተቀመጠ። ሱዳቤ ተከትላው ደረጃው አፍ ላይ ደረሰች።

«የእናቴ ስለት ተመልሶ አያውቅም ነበር» አላት። «ጦርነት እያለ እንኳ፣ ቦምብ እየወረደ፣ ሰው ወርዶ በልቶታል።» ማስኩ ረጥቧል። ሱዳቤ ባሏን ሲያለቅስ አይታው አታውቅም፤ እናቱ ስትሞትም ዞር ብሎ ነበር ያለቀሰው። አሁን ፊት ለፊቷ ነው።

የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ይሉ የለ? ታርላንን ደረጃ ላይ አቁማ ስታማስል የከረመች ሴት፣ የራሷ ቤት ሲያር ቆማ አየች። ከዚያ በላይ መቆም አልቻለችም።

ሰዉ ለሐዘኑ ወደ ግቢው መውረድ ጀምሮ ነበር። ኖስራት ኻኑምን የታርላን ትከሻ አወረዳት፤ ወንበር ላይ ተቀምጣ እግሯን በርጩማ ላይ ዘረጋች። አጋ መንሱር ጥቁር ሸሚዙን ለብሷል። ኢራጅን ሲያዩ ወንበራቸውን ትንሽ አዞሩ። ሱዳቤ መሀል ግቢ ገብታ ቆመች።

«ኢራጅ አልነካኝም» አለች። «ባሌ እጁን አንስቶብኝ አያውቅም። ስለቱን የመለሳችሁበት በኔ ውሸት ነው።»

«ልጄ፣ መፍራት የለብሽም» አለች ኖስራት ኻኑም። «እዚህ ሁላችን አለን።»

ሱዳቤ ማስኳን ወደ አገጭዋ ጎተተች። ፕላስተሩ ታየ፣ ከላይ ወደ ታች የተለጠፈው፣ ሁሉም የሚያውቀው፣ በየመንገዱ የሚያዩት ፕላስተር። ማንም ምን እንደሆነ አልጠየቀም። አንድ ሰው ከኋላ ሳል አለና ሳሉን ዋጠው። አጋ መንሱር መጀመሪያ እሷን፣ ከዚያ ታርላንን፣ ከዚያ ጫማውን አየ።

«አፍንጫዬን ተሠርቼ ነው» አለች ሱዳቤ። «ያፈርኩት እሱን ነው። ለታርላን የተናገርኩትን ሁላችሁም ሰምታችኋል።»

ቢሰድቧት ይሻላት ነበር። ሲሰድቧት እንድታለቅስ ተዘጋጅታ ነው የወጣችው። ዓይናቸውን ወደ ድስቱ መለሱ። ኖስራት ኻኑም ብቻ እግሯን ከበርጩማው ላይ በሁለት እጇ አንስታ አወረደች።

«መቼ ነው?» አለች።

«ከሙሐረም በፊት። እርስዎ ሾርባ ሳያመጡልኝ ጥቂት ቀን ቀደም ብሎ።»

«እህ።» አሮጊቷ አሰበች። «ያን ሰሞን እኔም ደውዬ ነበር። ማደንዘዣ የሚሰጥ ሐኪም የለም፣ ሁሉም ኮሮና ክፍል ነው አሉኝ።» ቁጣ የለባትም፣ የሚገባትን ነገር እንደምትጠይቅ ሰው ነው የተናገረችው። «አንቺን ያስተኛሽ ሰው ነበር?»

ሱዳቤ መሬት ተከፍታ ብትውጣት ወደደች። «ነበር» አለች።

ኖስራት ኻኑም የወንበሩን መደገፊያ ይዛ ተነሳች፣ እያነከሰች ድስቱ ጋ ሄደች። «ኢራጅ ልጄ» አለች። «ያለ ኃጢአትህ ሰላምታህን ነሳሁህ። ማረኝ። ማማሰያውን አቀብለኝ፣ እኔ ዘንድሮ አላማሰልኩም።»

ኢራጅ ተነሳ። ማማሰያውን በጨርቁ ጠርጎ ሰጣት። የቀረው ገንፎ ቀዝቅዞ ከድስቱ ሥር ተጣብቋል፣ አሮጊቷ ግን ዓይኗን ጨፍና አማሰለችው፣ ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ በማስኩ ላይ ይታያል። ቀጥሎ አጋ መንሱር መጣ፤ ኢራጅ ፊት ቆሞ «እኔ ወታደር ነኝ፣ ይቅርታ መጠየቅ አላውቅበትም» አለና አቀርቅሮ ቆመ፣ ኢራጅም «ኧረ ምን ሲባል፣ ይተዉ» አለው። ሌላውም ተራ በተራ መጣ። ከትሪው ላይ ጉንዳን ያልነካውን ሳህን እየመረጡ፣ የደረቀውን ላዩን በማንኪያ እየገፈፉ፣ ማስካቸውን ዝቅ አድርገው እዚያው በየወንበራቸው በሉት። «እጅህ ይባረክ» አሉት። ኢራጅ ከወዲያ ወዲህ ይላል፣ ፊቱ ወዝቷል።

ሱዳቤ መሀል ግቢ እንደቆመች ነው። ሁሉም በአጠገቧ ያልፋል፣ ማንም ክፉ አልተናገራትም፣ ማንም ሳህን አላቀበላትም። ታርላን ብቻ መጥታ ራቅ ብላ ቆመች።

«ማስክዎን ይመልሱት፣ ሱዳቤ ኻኑም» አለቻት። «አቧራ ነው፣ ቁስሉን ይጎዳዋል።»

«ታርላን...»

«አናናሱን በሉት?»

«አልከፈትኩትም።»

«ይክፈቱት። ይረዳል።» ልጅቷ ይህን ብላ ወደ ወንበሯ ተመለሰች። ሱዳቤ ይቅርታ ልትላት ያሰበችው አፏ ውስጥ ቀረ፤ ማስኳን ግን መለሰች።

ሐዘኑ አለቀ፣ ድምፅ ማጉያው ዝም አለ። ሰው ወንበሩን አጥፎ መግባት ጀመረ። ኖስራት ኻኑም ደረጃው ሥር ደርሳ ቆማ ወደ ላይ እያየች ነበር፣ ሁልጊዜ ሱዳቤን እየጠበቀች እንደምትቆመው። ሱዳቤ ሳታስበው ሮጠች። ሁልጊዜ እንደምታደርገው ትከሻዋን ዝቅ አድርጋ አጠገቧ ቆመች።

አሮጊቷ ትከሻውን አየችው። እጇን ልታነሳ ትንሽ ቀርቷት ነበር። ከዚያ ደረጃው ላይ ያለውን ብረት ያዘች።

«ራቅ በይ ልጄ» አለች በለሰለሰ ድምፅ። «ኮሮና ነው።»

ብረቱን በሁለት እጇ ይዛ ጤነኛ እግሯን አስቀደመች፣ የታመመውን ጎትታ አጠገቡ አቆመች፣ ትንፋሽ ወሰደች፣ እንደገና ጀመረች። ሱዳቤ ከታች ቆማ እስከ ሦስተኛ ፎቅ ድረስ ሰማቻት።